ያገለገለ ፓወር ሰፕላይ ከታይዋን ገበያ፦ ሱቁንም ዕቃውንም ፈትሼዋለሁ

ድሬዳዋ ውስጥ በዴስክቶፕ ኮምፒውተር እንጀራ የሚበላ ሰው ፓወር ሰፕላይ መግዛቱ አይቀርም። ሙቀቱ አለ። አቧራው አለ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ደግሞ የሚመጣበት ኃይል አለ። ማዘርቦርዱ ደህና፣ ሃርድ ዲስኩ ደህና ሆኖ ማሽኑ አልነሳ ካለ፣ ብዙውን ጊዜ የሞተው ፓወር ሰፕላዩ ነው፤ ያ ከኋላ ገመድ የሚሰካበትና ለማሽኑ ኃይል የሚያድለው የብረት ሳጥን።

ሳቢያን አካባቢ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ማሽኖቼ በሙሉ ያገለገሉ ዴልና ኤችፒ ናቸው። የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ፣ የቤት ኪራይ ውል፣ የሠርግ ጥሪ፣ ሁሉም በእነሱ ያልፋል። በምረቃ ሰሞን አንድ ማሽን ከቆመ ሥራው ሁሉ ይቆማል። ቴክኒክና ሙያ ገብቼ ኤሌክትሮኒክስ ስለተማርኩ ዕቃ የምገዛውም የምፈትሸውም ራሴ ነኝ። የሰፈር ሰውም «አዲስ ልግዛ ወይስ ያገለገለ?» እያለ ይጠይቀኛል። መልሴ ይኸው፦ የታወቀ ካምፓኒ ያገለገለ ዕቃ፣ በጭነት (ማለትም ኃይል እየተሳበበት) ተፈትኖ ካለፈ፣ በዚያው ገንዘብ አካባቢ ከሚሸጠው ስም የለሽ አዲስ ይሻላል። «በጭነት ተፈትኖ» የምትለው ላይ ግን አልደራደርም።

ዕቃውን የምገዛው እዚሁ ድሬዳዋ፣ ታይዋን በሚባለው ገበያ ውስጥ ካለች አንዲት ጠባብ ሱቅ ነው። ሰሌዳ የላትም። የሞባይል ሽፋንና ቻርጀር የሚሸጡትን አልፋችሁ፣ ያገለገለ ሞኒተር በር ላይ የደረደሩትን ስታዩ ደርሳችኋል ማለት ነው። ውስጧ እስከ ጣሪያ ኬብል፣ ማራገቢያ፣ ራምና የተፈታ ኬዝ ነው። ፓወር ሰፕላዮቹ በግራ በኩል በሦስት መደርደሪያ ላይ ናቸው። ባለሱቁ ወጣት ነው፤ ትሑት ነው፤ ወሬ ይወዳል። አጎቱ ደግሞ በር ላይ ወንበር አውጥቶ ሻዩን ይዞ ይቀመጣል። የዋጋው የመጨረሻ ቃል የአጎቱ ነው።

መጀመሪያ ስለ አዲሱ ልናገር። ጎረቤት ሱቆች ውስጥ በሚያምር ካርቶን የታሸገ አዲስ ፓወር ሰፕላይ አለ። እኔ በጠየቅሁበት ሰሞን 2,300 ብር ነበር። ካርቶኑ ላይ በትልቁ 500 ዋት ይላል። አንስታችሁ ስትይዙት ግን ክብደት የለውም። ጎኑ ላይ ያለውን ሠንጠረዥ አንብቡት። ዛሬ ኮምፒውተር ጉልበቱን የሚስበው በአብዛኛው ከ12 ቮልቱ፣ ከቢጫው ሽቦ ነው። እኔ ያየሁት ሳጥን 12 ቮልቱ ላይ 14 አምፔር ይላል። 12 በ14 ሲባዛ 168 ዋት ነው። 500 ያለው የቱ ጋ እንደሆነ እንጃ። የቀረውን ማሽኑ ብዙም በማይፈልጋቸው በ5 እና በ3.3 ቮልት መስመሮች ላይ ደምረው የሞሉት ነው። ቁጥሩን ሳያይ ካርቶኑን አምኖ ገንዘቡን ለሚቆጥር ሰው ከልቤ አዝናለሁ። ብዙዎቹ ልጆቻቸውን ለማስተማር ማሽን የሚያስጠግኑ ወላጆች ናቸው።

ያገለገሉት የሚመጡት ከቢሮ ማሽን ውስጥ ተፈተው ነው። ዴል፣ ኤችፒና ሌኖቮ የራሳቸውን ፓወር ሰፕላይ አይሠሩም። ዴልታ፣ ላይትኦን፣ ኤፍኤስፒ፣ አክቤል የሚባሉ የታይዋን አገር ካምፓኒዎች ናቸው የሚሠሩላቸው። የቢሮ ማሽን ሲሸጥ ዋስትና ስላለው አምራቹ ጉልበቱን አጋንኖ አይጽፍም። 265 ዋት ካለ 265 ዋት ይሰጣል። ቁጥሩ ትንሽ መሆኑ አያስፈራችሁ። ግራፊክስ ካርድ የሌለው የጽሕፈት ማሽን ሥራ በበዛበት ሰዓት እንኳ 100 ዋት ብዙም አያልፍም።

አሁን ወደ አመራረጡ። ከመደርደሪያው ላይ ዕቃ የማነሣው ከፊራ ገበያ ማንጎ እንደሚመርጥ ሰው ነው፤ በእጅ፣ በዓይን፣ በአፍንጫ። መጀመሪያ ክብደቱን። በውስጡ በቂ ብረት፣ መዳብና የማቀዝቀዣ አሉሚኒየም ያለው ይከብዳል። ቀጥሎ ቀስ ብዬ አነቃንቀዋለሁ። የሚንኳኳ ነገር ካለ ወይ ብሎን ወይ የተሰበረ ዕቃ ውስጡ አለ፤ እመልሰዋለሁ። ከዚያ የማራገቢያውን ወንፊት ወደ አፍንጫዬ አስጠጋለሁ። የተቃጠለ ፕላስቲክ ከሸተተኝ ወይም የዓሣ የመሰለ ሽታ ካገኘሁ አልገዛም። ያ የዓሣ ሽታ ከሚያፈስ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ ከሚያጠራቅመው ትንሽ ጣሳ መሰል ዕቃ) ወይም ከሞቀ ፕላስቲክ ሊመጣ ይችላል። ከየትም ይምጣ ደህና ነገር አይደለም።

ቀጥሎ በሞባይሌ መብራት በወንፊቱ ውስጥ አያለሁ። ካፓሲተሮቹ አናታቸው ጠፍጣፋ መሆን አለበት። ያበጠ ወይም ቡናማ ነገር የወጣው ካለ በቃ። እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2007 አካባቢ በተሠሩ ዕቃዎች ላይ የካፓሲተር ማበጥ በዓለም ዙሪያ የታወቀ ችግር ነበር። ስለዚህ የምርት ዓመቱንም አነባለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ሌብሉ ላይ አለ። በጣም ያረጀውን አልወስድም።

ብሎኖቹንም እዩ። ጭንቅላታቸው ከተላጠ ሰው ከፍቶታል። መከፈቱ ብቻውን ወንጀል አይደለም፤ ማራገቢያ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። ማን ከፈተው፣ ለምን ከፈተው ብዬ ግን እጠይቃለሁ። ይህ ባለሱቅ ስጠይቀው እውነቱን ይነግረኛል። «ይሄኛው ፋኑ ተቀይሯል፤ ያኛው ፊውዝ ተቀይሯል» ይላል። ፊውዙ የተቀየረውን አልነካም። ፊውዝ ያለ ምክንያት አይቃጠልም።

አያያዡ ላይ ጊዜ ወስዳችሁ እዩ። ሰው የሚከስረው እዚህ ጋ ነው። የተለመደው ባለ 24 ፒን፣ ማለትም 24 ቀዳዳ ያለው መሰኪያ ነው። የድሮው 20 ነበር፤ 24 የሆነው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ከእሱ ጋር ለፕሮሰሰሩ የሚሰካ ባለ 4 ፒን አለ። ከቢሮ የሚመጡት ማሽኖች ግን ሁሉም ይህን አይከተሉም። ዴል ኦፕቲፕሌክስ 3020፣ 7020 እና 9020 ባለ 8 ፒን ነው የሚጠቀሙት። ብዙ ኤችፒዎች ባለ 6 ፒን ናቸው። ሌኖቮ ቲንክሴንተሮች ውስጥ ባለ 14 እና ባለ 10 ፒን አለ። እነዚህ ለሌላ ማዘርቦርድ አይሆኑም። በገበያው ውስጥ መሰኪያ ቆርጦ በቴፕ አስሮ «ይሆናል» የሚል አይጠፋም። አይሆንም። ከሁሉ የከፋው ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2000 በፊት የነበረው የዴል ዕቃ ነው። መሰኪያው ከተለመደው ጋር አንድ ይመስላል፤ የሽቦዎቹ ቦታ ግን የተለያየ ነው። ገብቶ ይሰካል፤ ማዘርቦርዱንም ያቃጥለዋል።

የዚህች ሱቅ ትልቁ ችግርም እዚሁ ነው። ባለ 24ቱም ባለ 8ቱም ባለ 6ቱም አንድ ላይ ተቀላቅለዋል። ልጁ ኬብሉን ጠቅልሎ በላስቲክ ስለሚያስረው መሰኪያው አይታይም። ማስታወሻ ብጤ ወረቀት ቢለጥፍበት ኖሮ ስንት ሰው ከመመላለስ ይድን ነበር። ነግሬዋለሁ፤ «እሺ አቦ፣ እናደርገዋለን» ብሏል። ይህን እስከምጽፍ ድረስ አልተደረገም።

ሁለተኛው ቅሬታዬ ስለ አቀማመጡ ነው። የላይኛው መደርደሪያ ከቆርቆሮው ጣሪያ ሥር ነው። የድሬን የግንቦት ሙቀት የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ካፓሲተር ውስጥ ያለው ፈሳሽ በሙቀት ይደርቃል። በባለሙያዎች ዘንድ የታወቀው ስሌት ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የካፓሲተሩ ዕድሜ በግማሽ ይቀንሳል የሚል ነው። ደህና የሚባሉት ካፓሲተሮች 105 ዲግሪ ተጽፎባቸዋል፤ ርካሾቹ 85። ደጋ አገር ጥላ ቤት ውስጥ የሚሠራና እዚህ የሚሠራ አንድ ዓይነት ዕቃ እኩል አይኖሩም። ስለዚህ እኔ ሁልጊዜ ከታችኛው መደርደሪያ ነው የምመርጠው። የእኔን ቤትም ፓወር ሰፕላዮች በየጊዜው አቧራቸውን በንፋሽ አስወጣለሁ። ኬዙን ከግድግዳ አርቄ ነው የማስቀምጠው።

አሁን ሱቋን ወደምወድበት ምክንያት ልምጣ። እዚያው መፈተን ይፈቅዳሉ። ብዙ ሱቅ ገመዱን ሰክቶ፣ ማራገቢያውን አዙሮ «ይኸው ይሠራል» ይልና ብር ይቀበላል። ማራገቢያ መዞሩ 12 ቮልት መኖሩን እንጂ ስንት እንደሆነና ጭነት ሲመጣበት እንደሚጸና አይነግርም። መጀመሪያ ስመጣ ይኸው ልጅም እንዲያ ብሎኝ ነበር።

«እህቴ፣ ወላሂ ይሠራል፤ ፋኑን እዪው» አለኝ።

«ፋኑን አይቼዋለሁ። ቮልት የሚለካ ቴስተር ይዣለሁ፤ አምፖልም ይዣለሁ። እዚሁ ጭነት ላድርግበት?»

አጎቱ ከበር ላይ ሆኖ ሰማን። «አቦ ትፈትነው! ሶኬቱ እዚያ አለ። የሚሞት ከሆነ እዚሁ ይሙት» አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ደንበኛቸው ነኝ። ከሻጭ የምፈልገው ይህንኑ ነው።

የተለመደውን የባለ 24 ፒኑን አፈታተን በዝርዝር ልጻፈው፤ ቴስተር ያለው ሰው ሁሉ ሊሠራው ይችላልና። ከዚያ በፊት ግን ሦስት ነገር። አንደኛ፣ ሳጥኑን አትክፈቱት። 220 ቮልቱ ውስጥ ሲገባ ተስተካክሎ ከ300 ቮልት በላይ ቀጥታ ኤሌክትሪክ ይሆናል። ገመዱ ከተነቀለ በኋላም በትልቁ ካፓሲተር ውስጥ ሊቆይ ይችላል። ሰው ይገድላል። ሁለተኛ፣ ከኋላ ቀይ መቀያየሪያ ካለ 230 ላይ መሆኑን እዩ። 115 ላይ ሆኖ በእኛ ሶኬት ከተሰካ ይፈነዳል። ከውጭ የመጣ ዕቃ ብዙ ጊዜ 115 ላይ እንደሆነ ነው የሚደርሰን። ሦስተኛ፣ እርጥብ እጅና ባዶ እግር አይሆንም።

ገመዱን ስትሰኩ ገና ሳይነሣ በፊት ሐምራዊውን ሽቦ ለኩ። ጥቁሩ የቴስተሩ ጫፍ ጥቁር ሽቦ ላይ፣ ቀዩ ሐምራዊው ላይ። 5 ቮልት መስጠት አለበት፤ ከ4.75 እስከ 5.25 ደህና ነው። ይህ መስመር ኮምፒውተሩ ጠፍቶም ቢሆን ሶኬት ላይ እስካለ ድረስ ይሠራል። ዕረፍት ስለሌለው ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚያረጀው እሱ ነው። ሲበላሽ ሁልጊዜ ዝቅ አይልም። በአንዳንድ የድሮ አሠራሮች ላይ አንዲት ትንሽ ካፓሲተር ስትደርቅ ቮልቱ ወደ ላይ ይወጣል። ያኔ ማዘርቦርዱን ይዞት ይሄዳል። ማራገቢያው እያማረ የሚዞር፣ ግን ሐምራዊው ላይ ከፍ ያለ ቁጥር ያለው ዕቃ አይቻለሁ። ቴስተር ባይኖር ማንም አያውቀውም ነበር። የሰው ፋይል፣ የሰው ድካም ያለበትን ማሽን ከእንዲህ ዓይነት ዕቃ ጋር ማገናኘት ያስፈራኛል። ስለዚህ ሐምራዊውን ሳልለካ ወደ ቀጣዩ አልሄድም።

ከዚያ አረንጓዴውን ሽቦ ከማንኛውም ጥቁር ጋር በአጭር ሽቦ አገናኙ። አረንጓዴው አንድ ብቻ ስለሆነ አይጠፋችሁም። የኮምፒውተሩ ማብሪያ ቁልፍ የሚሠራውም ይህንኑ ነው። ፓወር ሰፕላዩ ይነሣል። አንዳንዱ ያለ ምንም ጭነት አይነሣም፤ አሮጌ ሃርድ ዲስክ ሰክታችሁ ሞክሩ። ተነሥቶ ከሆነ ቢጫውን፣ ቀዩን፣ ብርቱካናማውን በተራ ለኩ። የሚፈቀደው ልዩነት ወደ ላይም ወደ ታችም 5 በመቶ ነው። ቢጫው ከ11.40 እስከ 12.60። ቀዩ ከ4.75 እስከ 5.25። ብርቱካናማው ከ3.14 እስከ 3.47። ግራጫው ሲነሣ ትንሽ ዘግይቶ ወደ 5 ቮልት ይመጣል። «ሁሉም ደህና ነው፣ ተነሣ» ብሎ ለማዘርቦርዱ የሚናገረው እሱ ነው። ግራጫው ከሌለ ማሽኑ አይነሣም።

እስከዚህ የለካችሁት ዕቃው ሥራ ሳይሠራ ነው። አሁን ጭነቱ። ለዚህ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። የመኪና የፊት መብራት አምፖል በቂ ነው። ኤች 4 የሚባለው ውስጡ ሁለት የሚበራ ሽቦ አለው፤ አንዱ 60 ሌላው 55 ዋት። አንዱ ሲቃጠል ጋራዦች ይጥሉታል። ያልተቃጠለው ሽቦ ግን ለእኛ ይሠራል። ጋራዥ ሄጄ ስጠይቃቸው በነጻ ነው የሰጡኝ። አንዱ አምፖል ወደ 5 አምፔር ገደማ ይስባል። ሁለት አምፖል ቢጫው ላይ ስታደርጉ ወደ 10 አምፔር ቀረበ ማለት ነው። አንድ የጽሕፈት ማሽን ከሚፈልገው አያንስም።

ቢጫው ላይ ብቻ ከጫናችሁ ግን ውጤቱ ያሳስታችኋል። ብዙዎቹ የድሮ አሠራሮች 12ቱንና 5ቱን አንድ ላይ ነው የሚቆጣጠሩት። አንዱ ላይ ብቻ ጭነት ሲበዛ እሱ ይወርዳል፣ ሌላው ይወጣል። ደህናው ዕቃ ሳይቀር መጥፎ ይመስላል። ስለዚህ እኔ ቀዩ ላይ ደግሞ የባጃጅ አምፖል አደርጋለሁ። 35 ዋት 12 ቮልት ነው፤ በ5 ቮልት ደብዘዝ ብሎ ይበራል። 2 አምፔር ገደማ ይወስዳል። ያ ይበቃል።

አምፖሎቹን አንድ ላይ አታብሩ። የቀዘቀዘ አምፖል ሲነሣ ከተለመደው ብዙ እጥፍ ይስባል። ፓወር ሰፕላዩ አጭር የተነካካ ሽቦ ነው ብሎ ራሱን ያጠፋል። ያ ብልሽት አይደለም፤ መከላከያው እየሠራ ነው። ከሶኬት ንቀሉት፣ ትንሽ ጠብቁ፣ አንድ በአንድ አብሩ። አምፖሎቹ እጅ ያቃጥላሉ፤ ሸክላ ወይም ጡብ ላይ አስቀምጧቸው። ኬብሉም በቂ ውፍረት ይኑረው።

ሱቅ ውስጥ ሩብ ሰዓት ያህል እጭነዋለሁ። ቤት ወስጄ ደግሞ ከሰዓት በኋላ፣ ቤቱ በሚግልበት ጊዜ፣ ረዘም አድርጌ እደግመዋለሁ። የሚወጣውን አየር በእጄ መዳፍ እሰማለሁ። ሞቅ ማለቱ ያለ ነው። ሽታ ከመጣ አጠፋዋለሁ። ቁጥሩ ሲጀምር ደህና ሆኖ ቀስ በቀስ የሚወርድ ከሆነም ዕቃው ደክሟል ማለት ነው።

ባለፈው ከዚህች ሱቅ የወሰድኳቸው ሦስቱ እንዲህ ሆኑ።

የመጀመሪያው ከዴል ኦፕቲፕሌክስ ታወር የወጣ 265 ዋት፣ ባለ 24 ፒን ነው። 1,100 ብር። ያለ ጭነት 12.18 ነበር። ሁለት አምፖል ሲጫንበት 12.02 ላይ ቆመና አልተነቃነቀም። ቀዩ ከ5.07 ወደ 5.03። ሐምራዊው 5.06። ማራገቢያው አይሰማም። አሁን የደንበኛ መቀበያው ማሽን ላይ ገብቷል፤ ቀኑን ሙሉ ይሠራል። ገመዶቹ አጭር ናቸው፤ ትልቅ ኬዝ ያለው ሰው ይህን ያስብበት።

ሁለተኛው የታይዋን አገር ካምፓኒ ሥራ የሆነ 300 ዋት ነው። 900 ብር። ከ12.05 ወደ 11.78 ወረደ። ከመጀመሪያው ይልቃል የወረደው፤ ግን ከ11.40 በላይ ስለሆነ ደህና ነው። ማራገቢያው ሲነሣ ይጮህ ነበር። ማራገቢያው ላይ ያለውን ሌብል አንስቼ አንድ ጠብታ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ጠብ አደረግሁበት፤ ጸጥ አለ። ይህ ማራገቢያው ከውጭ በኩል የሚደረስበት ሞዴል ስለሆነ ነው። ሳጥኑን የሚያስከፍት ከሆነ ግን ለጠጋኝ ስጡት።

ሦስተኛው ያገለገለ ባለ 500 ዋት ስም የለሽ ነው። 700 ብር። የወሰድኩት ባለሱቁ «እሱንም ፈትኚልኝ፣ ላውቀው እፈልጋለሁ» ስላለኝ ነው። ያለ ጭነት ያማረ ቁጥር ነበረው፤ 12.31። ሁለተኛው አምፖል ሲበራ 11.20 ገባ። ቀዩ በተቃራኒው ወደ 5.31 ወጣ። ሁለቱም ከሚፈቀደው ውጭ ናቸው። ትንሽ ቆይቶ የሞቀ ሽታ መጣ። ማሽን ውስጥ ቢገባ ኖሮ ዊንዶውስ እየከፈተ፣ ሥራ ሲበዛበት እየጠፋ፣ ባለቤቱ ቫይረስ ነው ብሎ ፎርማት ሲያስደርግ ነበር የሚከርመው። እንዲህ ዓይነት ማሽን ወደ እኔም ይመጣል።

መለስኩት። ባለሱቁ ምንም አላለም፤ ብሬን ቆጥሮ ሰጠኝ። የእነሱ ደንብ «እስከ ጁምዓ መልሺ» ነው። የገዛችሁበት ቀን ምንም ይሁን ምን እስከሚቀጥለው ዓርብ ድረስ ይቀበላሉ። ደረሰኝ ግን አይሰጡም፤ ቃል ነው ያለው። እኔን ያውቁኛል። የማያውቁት ሰው ቢመልስ እንዲህ ይቀበሉት እንደሆነ ለማየት እህቴን ልኬ ነበር፤ ተቀብለዋታል። ቢሆንም ለድርጅት የሚገዛ ሰው ደረሰኝ ስለሚያስፈልገው እዚህ አይሆንለትም። የተመለሰውንም ዕቃ ወደ መደርደሪያው እንዳይመልሱት ጠየቅኳቸው። ልጁ ኬብሎቹን ለመለዋወጫ ቆርጦ አወጣቸው። ይህን ሳይ ደስ አለኝ። መጥፎ ዕቃ ለሚቀጥለው ሰው ሲተላለፍ ማየት ያሳምመኛል።

ከአምፖልና ቴስተር የማይታይ ነገርም አለ። 12 ቮልቱ ላይ የሚንቀጠቀጠው ሞገድ ከ120 ሚሊቮልት ማለፍ የለበትም፤ 5ቱ ላይ ከ50። ይህን በትክክል የሚያሳየው ኦሲሎስኮፕ የሚባለው ሞገድ የሚያሳይ መሣሪያ ነው። የእኛ ቴስተር ፈጣኑን ሞገድ በትክክል አይለካውም። ስለዚህ የካፓሲተሮቹን አናትና የምርት ዓመቱን ማየት ላይ አጥብቄ እቆማለሁ። ውድ ግራፊክስ ካርድ ያለው፣ ቪዲዮ የሚያቀናብር ሰው በዚህ መንገድ የተፈተነ ዕቃ ይበቃኛል ባይል ይሻለዋል። እሱ ደህና አዲስ ይግዛ። ለጽሕፈት፣ ለትምህርት፣ ለሱቅ ሒሳብ ግን ይበቃል።

አንድ ሌላ ነገር ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። «ኬዙን ስነካው ይነዝረኛል፤ ፓወር ሰፕላዩ ተበላሽቷል?» ይሉኛል። ብዙውን ጊዜ አልተበላሸም። በውስጡ ሁለት ትናንሽ ካፓሲተሮች ከኤሌክትሪክ መስመሩ ወደ ብረቱ ሳጥን ተያይዘዋል። ሥራቸው ረብሻውን ወደ መሬት መላክ ነው። ቤቱ የመሬት ሽቦ ከሌለው መሄጃ ያጣና ሳጥኑ ላይ ይቀራል። ቴስተር ብታደርጉበት ወደ 110 ቮልት ልታዩ ትችላላችሁ። የሚፈሰው በጣም ትንሽ ስለሆነ ይነዝራል እንጂ አይጥልም። በከዚራና በመጋላ ካሉት የድሮ ቤቶች ስንቱ ሶኬት ሁለት ቀዳዳ ብቻ ነው! መፍትሔው ፓወር ሰፕላይ መቀየር አይደለም። ኤሌክትሪሻን ጠርቶ የመሬት ሽቦ ማስገባት ነው። ንዝረቱ ጠንካራ ከሆነ ወይም አንድ ማሽን ላይ ብቻ ከመጣ ግን ነቅላችሁ አስመርምሩት።

የገዛችሁትን ደግሞ ጠብቁት። እኔ ጋ መብራት ሲሄድ ማሽኖቹን ከሶኬት እነቅላለሁ። ሲመለስ ትንሽ እስኪረጋጋ ጠብቄ ነው የምሰካው። በጣም የሚጎዳው የመመለሻው ደቂቃ ነው። ስታቢላይዘርም ይረዳል። ከሞሌክስ (ከድሮው ባለ 4 ፒን መሰኪያ) ወደ ሳታ (ወደ አዲሱ የሃርድ ዲስክ መሰኪያ) የሚቀይረውን ርካሽ ኬብል ደግሞ አትጠቀሙ። ሲሠራ ፕላስቲኩ በሽቦዎቹ ላይ ቀልጦ የፈሰሰበት ዓይነት ውስጡ ሽቦው ይነካካና ይቀጣጠላል፤ ሃርድ ዲስኩም አብሮ ይሄዳል።

ዋጋ መከራከር ይቻላል። ከልጁ ጋር አትድከሙ፤ አጎቱን ነው ማናገር። ሁለት ከወሰዳችሁ ይቀንሳል። ጠዋት ሂዱ። ከቀትር በኋላ እስከ 10 ሰዓት ድረስ ሱቁ ዝግ ነው። ዓርብም ለሶላት ይዘጋሉ። የራሳችሁን ቴስተር ያዙ፤ የእነሱ ባትሪው ስለደከመ ቁጥሩን ከፍ አድርጎ ያሳያል። አምፖል ከሌላችሁ አሁን አንድ ጥንድ እዚያው ትቼላቸዋለሁ፤ ጠይቋቸው። ባለ 24 ፒን ዴል ጥቂት ነው የቀረው። ባለ 6 ፒን ኤችፒ ግን ሞልቷል። የማሽናችሁን ሞዴል ቁጥር ጽፋችሁ፣ ከተቻለም የተበላሸውን ፓወር ሰፕላይ ራሱን ይዛችሁ ሂዱና መሰኪያውን ጎን ለጎን አስተያዩት።